ማሩ ቦሌ ቀረ

አምና ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ብላ እናቴ አንድ ኪሎ የጌራ ማር አዘጋጀች። ክዳኑን በፌስታል ጠቀለለችው፣ በክር አሰረችው፣ ከዚያ ሌላ ፌስታል ደረበችበት። «እንዳይደፋብሽ ከእጅሽ አይለይ» አለችኝ። እኔም የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ማንም ምንም ሳይለኝ አለፍኩ። ቦሌ ግን ቦርሳዬ ከማሽኑ ሲወጣ ወደ ጎን ተገፋ። ፈታሿ የእናቴን ቋጠሮ ቀስ ብላ ፈታችው። «እህቴ፣ ማር እኮ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው» አለች። ትልቁ ሻንጣዬ ከጅማ በቀጥታ እስከ ዋሽንግተን ተመዝግቦ ሄዷል። ማሩን የምሰጠው ሸኚም አጠገቤ የለም። እዚያው ጥዬው ሄድኩ። ያ ቋጠሮ ሲፈታ ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፈታሿ ልክ ነበረች። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት። የሚታየው የዕቃው መጠን ነው፤ 250 የሚይዝ የቅባት ጠርሙስ ግማሽ ብቻ ቢኖረውም አያልፍም። ቅቤና የጥርስ ሳሙናም ያው ናቸው።

ዘንድሮ እንደገና ስሄድ፣ በጉዞው ዋዜማ ሁለቱንም ሻንጣ አልጋ ላይ ከፈትኩ። የሚፈስ፣ የሚቀባ፣ በማንኪያ የሚዛቅ ሁሉ ወደ ትልቁ ገባ። ማሩን እስከ አፉ አልሞላሁትም። ክዳኑን በስኮች ደጋግሜ ዞርኩትና ጋቢ መሃል አስቀመጥኩት። ቡናውን ቆላሁት እንጂ አላስፈጨሁትም። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ በእጅ የተያዘ ዱቄት ከ350 ሚሊ ሊትር ካለፈ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተጨማሪ ፍተሻ አለበት፤ ሊከለከልም ይችላል። ስለዚህ በርበሬውና ሽሮውም ከማሩ ጋር ሄዱ።

ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው። ባትሪው እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ከእጅ ነው የሚያዘው። የባትሪው አቅም እስከ 100 ዋት ሰዓት ከሆነ ይፈቀዳል። የእኔ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ፓወር ባንክ ባትይዙ ይሻላል፣ ማስረዳት አይቻልም።

ጀበናውንም በነጠላ ጠቅልዬ በእጄ ያዝኩት። ሸክላ ለጫኝ አይታመንም። ቦሌ ላይ ፈታሹ አንገቱን ይዞ አዘነበለው፣ ባዶ መሆኑን አይቶ መለሰልኝ። በቃ፣ አለፍኩ።

እናቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ማሩ ነው። እህቴ ስኮቹን በቢላ እየቆረጠች ነበር።