ከልክ በላይ የጸዳው የመውለጃ ክፍል

የተጠራሁት ማህፀን ላክም ነበር። የአሳማ እርባታው ኃላፊ በስልክ የዘረዘረልኝ ችግር ለእንስሳት ሐኪም አዲስ አይደለም። እናቶቹ በወለዱ በማግስቱ ትኩሳት ይይዛቸዋል። ጡታቸው ይጠጥራል፣ ወተት ይጠፋል። ከማህፀናቸው መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወርዳል። ግልገሎቹ ከጡት ጡት እየተሯሯጡ ሲጮኹ ያድራሉ። ጡት ካስጣሏቸው በኋላ ደግሞ እናቶቹ ድራት አያሳዩም። ደህና አሳማ ልጆቿን ባስጣለች ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ አውራ ትፈልጋለች። እነዚህ ግን ሳምንቱ አልፎ፣ አንዳንዶቹም ሦስተኛው ሳምንት ገብቶባቸው ዝም ብለዋል።

ኃላፊው የራሱን መፍትሔ አበጅቶ ነበር። የወለደች ሁሉ፣ ታመመችም አልታመመችም፣ አንቲባዮቲክ ትወጋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ጥሩ ሠርቶ ነበር አሉ። ቆይቶ ግን ነገሩ ወደነበረበት ተመለሰ።

«ዶክተር፣ ይሄኛውን ለምደውታል። ጠንከር ያለ ጻፍልን» አለኝ።

መጀመሪያ ክፍሉን ልየው አልኩት።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ የጸዳ የመውለጃ ክፍል ብዙ አላየሁም። ወለሉ ደረቅ ነው። ሽታውም የለም ማለት ይቻላል። የሚያጸዱት አዛውንት አካፋቸውን ጥግ ላይ አስደግፈው አርፈዋል። «አዲሱ መኖ ከመጣ ወዲህ ሥራ ቀለለልን። ድሮማ ጋሪ ሞልተን አንጨርሰውም ነበር» አሉኝ ደስ ብሏቸው። ኃላፊውም ኮራ አለ። አዲሱ መኖ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ኃይሉ የተከማቸ፣ ትንሽ ተበልቶ የሚበቃ። የድሮው ፉርሽካ የበዛበት ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ ትናንት ወጥቶላታል?» አልኳቸው አንዷን ልትወልድ የደረሰች አሳማ እያሳየሁ።

አሰቡ። «ዛሬ ጠዋት ትንሽ ነገር ጠርጌያለሁ» አሉ። የጠረጉትን አሳዩኝ። የፍየል በጠጥ የመሰለ፣ ደረቅ ድብልብል ነገር ነው። አሳማ እንዲህ አትጥልም።

ማታ ያቺው አሳማ ምጥ ያዛት። ሁለት ግልገል ወልዳ ቆመች። በግልገልና በግልገል መካከል ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ እሷ ሰዓት አለፋት። ጓንት አጥልቄ እጄን ሳስገባ ግልገሉ በትክክለኛው አቅጣጫ መጥቷል፣ የማህፀን በሩም ክፍት ነው። የመውለጃው መንገድ ጣሪያ ግን ወደ ታች ተጭኗል። ከላዩ የሚያልፈው የፊንጢጣ ቱቦ በደረቀ ዓይነ ምድር ጥቅጥቅ ብሏል። ልጁ መንገድ ተዘግቶበት ነው የቆመው። ለብ ባለ ውሃና በማለስለሻ ቀስ እያልን አስወጣንላት። ከዚያ በኋላ የቀሩት ተከታትለው መጡ፤ አንዱ ግን ታፍኖ ሞቷል።

ኃላፊው ከጀርባዬ ቆሞ ያየ ነበር። የወጣውን ባልዲ አይቶ ምንም አላለም። ጠንካራውን መድኃኒት ግን በዚያ ሌሊት ደግሞ አልጠየቀኝም።

መንገድ መዘጋቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው ይብሳል። በአሳማ ትልቁ አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የእሷ ኢንዛይሞች ሊፈጩት ያልቻሉትን አሰር፣ ማለትም እንደ ፉርሽካ ባለ መኖ ውስጥ የሚበዛውን ገለባ ነገር፣ የሚበሉት እነሱ ናቸው። አሰሩን ሲያብላሉት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት የሚባሉ ፋቲ አሲዶች ያወጣሉ። ቡታይሬት የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ቀለብ ነው። ቀለቡን ያገኘ ግድግዳ ክፍተት አይኖረውም፤ የአንጀትን ጉድ እዚያው አንጀት ውስጥ ያስቀራል።

አሰር ሲቀንስ እነዚህ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። አንጀቱ ይሰንፋል። ዓይነ ምድሩ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። በዚህ መሐል እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ጎጂ ባክቴሪያዎች ሜዳው ይለቀቅላቸዋል። በኢ ኮላይ የውጭ ሽፋን ላይ ኢንዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለ፤ ባክቴሪያው ሲሞት ይለቀቃል። ግድግዳው ከሳሳ ወደ ደም ያልፋል። ትኩሳት ያስነሳል። ወተት እንዲመረት የሚያዘውን ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ያወርዳል። ኃላፊው የጡት በሽታ ነው ያለው ነገር ግማሹ ከአንጀት የመጣ ነው ማለት ነው።

የማህፀኑ ኢንፌክሽን ውሸት ነበር እያልኩ አይደለም። ነበረ። ግን ምጡ ሲረዝም የማህፀን በር ለረጅም ሰዓት ክፍት ይሆናል። ድካሙ ይበዛል፣ የሰው እጅ ደጋግሞ ይገባል። ኢ ኮላይ ደግሞ ጅራቷ ሥር ነው ያለው፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ድራቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ትኩሳት ያላት እናት አትበላም። ሳትበላ ስታጠባ ሰውነቷ ይከሳል። የከሳች አሳማ አንጎል እንቁላል እንዲያድግ የሚያደርገውን የሆርሞን ትእዛዝ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጆቿን ባስጣለች በሳምንቷ አውራ አትፈልግም። በመዝገቡ ላይ «የመራቢያ ችግር» ተብሎ የተጻፈው ከሳምንታት በፊት መኖ ገንዳው ላይ የተጀመረ ነገር ነው።

አንድ ሌላ ጥርጣሬም ነበረኝ። በቆሎ ሲሻግት ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ዜራሌኖን የተባለ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ የሴት ሆርሞንን፣ ኤስትሮጅንን፣ ይመስላል፤ አሳማ ደግሞ ከእንስሳት ሁሉ በጣም ከሚጎዱት ናት። ስለዚህ ገና ያልወለዱትን ወጣቶቹን ሄጄ አየሁ። ዜራሌኖን ቢሆን ኖሮ ብልታቸው ያብጥና ይቀላ ነበር። ምንም የላቸውም። የመኖው ናሙና ለምርመራ ይላክ አልኩ እንጂ ከዚያ በላይ አልገፋሁበትም።

ከዚያ ውሃውን ማየት ነበረብኝ። ኃላፊው «ውሃማ በሽ በሽ ነው» ብሎኛል። ቧንቧው ሁሉ ያንጠባጥባል፣ እውነት ነው። የምታጠባ አሳማ ግን በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። አፏን ስትጭንበት በደቂቃ 2 ሊትር ያህል ካልመጣላት ተሰላችታ ትተወዋለች። ጆግ ይዘን በስልክ ሰዓት እየቆጠርን ለካን። በበሩ አካባቢ ያሉት ደህና ናቸው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ግን አንድ ሊትር እንኳ አልሞላም። የታመሙትን ዝርዝር አምጡ አልኩ። አብዛኞቹ የዚያ ረድፍ ናቸው። እኔ መዝገብ እወዳለሁ፤ ሰው ግን የሚጽፈውን ያህል አያነበውም።

ያደረግነው ነገር ለማውራት እንኳ አይመችም፤ ተራ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ቧንቧ ከደለል አጸዳን። ፉርሽካና የአኩሪ አተር ገለፈት ወደ እርጉዞቹ መኖ መለስን፣ ቀስ በቀስ። በአንድ ጊዜ ብትጨምረው ባክቴሪያዎቹ ለመላመድ ጊዜ ስለሚያጡ ሆድ ይነፋል። እርግዝናው 114 ቀን ገደማ ስለሆነ ለመዘጋጀት ጊዜ አለ። የመውለጃ ክፍሉ ሰሌዳ ላይም አንድ አምድ ተጨመረ፦ «ወጥቶላታል?» ሙቀት መለኪያም ተገዛ። አንቲባዮቲክ ትኩሳት ላላት ብቻ ተወሰነ።

በዚህኛው ተከራክረናል። ኃላፊው ለሁሉም መውጋቱ ጥንቃቄ ይመስለዋል። እኔ ግን ግልገሉ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያገኘው ከእናቱ መሆኑን ነገርኩት፤ ከመውለጃ መንገዷ፣ ከቆዳዋ፣ ከዓይነ ምድሯ። መከላከያውን ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል አያገኝም። በመጀመሪያው ቀን በሚጠባው እንገር ነው። እናቲቱን ያለምክንያት በመድኃኒት ስታጥብ ለልጁ የምታወርሰውንም እየነካህ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ «ጥሩ ባክቴሪያ» የሚል ዱቄት ይዞ መጣ። እንዲህ ያሉ ነገሮችን አልጠላም፤ የሚጠቅሙ አሉ። ግን ብዙዎቹ አንጀት ውስጥ አይሰነብቱም። መስጠት ስታቆም አብረው ይሄዳሉ። ቀለባቸው ሳይኖር እነሱን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። መጀመሪያ ፉርሽካው ይግባ፣ ከዚያ እናወራለን አልኩ። ሻጩ ቅር ብሎት ሄደ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልም። ፈሳሹ የቆየባቸው ሁለት አሮጌ እናቶች ሳይድኑ ቀርተው ከመራቢያ ወጡ። ከነሱ በኋላ በወለዱት ላይ ግን ምጡ አጠረ፣ የሞቱ ግልገሎች ቀነሱ። አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ባስጣሉ በሳምንቱ ለአውራው ቆመዋል። የመድኃኒት ወጪውን ኃላፊው ራሱ ደውሎ ነገረኝ፤ ድምፁ ያስታውቃል። ጋሼ ደግሞ ጋሪው እንደገና መሙላት በመጀመሩ ረዳት ይቀጠርልኝ ብለዋል። እኔም ደግፌያቸዋለሁ።

አሁን ጥያቄው ወደ ወጣቶቹ ዞሯል። ኃላፊው ከአውራ ጋር ከመገናኘታቸው በፊትም አሰር ይጨመርላቸው ወይ ይላል። ምክንያት አለው። ጉበት በሐሞት አድርጎ ወደ አንጀት የሚልከውን ኤስትሮጅን ባክቴሪያዎች ፈትተው መልሰው ወደ ደም እንዲገባ ያደርጉታል። ስለዚህ አሰሩ የሚነካው የምግብ መፈጨትን ብቻ ላይሆን ይችላል። ወጣቶቹን ለሁለት ከፍለን፣ ለግማሾቹ ፉርሽካ ጨምረን፣ የሁሉንም የድራት ቀን እየጻፍን ነው። ጸንሰው ሲወልዱ የግልገሎቹን ቁጥር እናወዳድራለን።