ከኋላችን የተሰማው ደወል

ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ዓመት አለፈኝ። ዛሬ ልገላገለው።

ዐቢይ ጾም ነው፣ መጋቢት፣ ዕለቱ ዓርብ። ዘጠኝ ሆነን መንዝ ጓሳን በእግር ልናቋርጥ ወጣን። ጓሳን ለማታውቁት፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። የጓሳ ሣር፣ ጅብራ የሚባል ረጅም የደጋ ተክል፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት። የአካባቢው ገበሬ ድሮ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እየጠበቀ ነው ያቆየው። በምሥራቅ በኩል ግን መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ገደል ነው፣ ታች ቆላው። ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው አየር ደጋው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል።

ጠዋት ፀሐይ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ መንገድ የሚመራን የአገሩ ልጅ ሰማዩን አየት አደረገና «እንመለስ» አለ። «የበልግ ዝናብ ነው፣ ያልፋል» ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ እህል ሳልቀምስ የወጣሁትም እኔው ነኝ፣ ጀግናው።

መጀመሪያ ጉሙ መጣ። ቀጥሎ ባቄላ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወረደብን። ሣሩ ነጭ ሲሆን የእግር መንገዱ ጠፋ። እዚያው ተወልዶ ያደገው ልጅ ራሱ አቅጣጫው ዞረበት። ስልኬን ላወጣ ብዬ የጃኬቴን ዚፕ መያዝ አቃተኝ፣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑ። አንዷ እህታችን ስትንቀጠቀጥ ቆየችና ድንገት መንቀጥቀጡን ተወችው። ደስ አለኝ፣ ሞቃት መስሎኝ! ለካ ብርድ የሚገድለው እዚያ ሲደርስ ነው። ስናናግራት ምላሷ ይተሳሰራል፣ «ትንሽ ልተኛ» ትላለች።

ያኔ ነው የጮህኩት። ጸሎት ማለትም ይከብዳል። «መድኃኔ ዓለም፣ ጉሙን ብቻ ግለጥልን፣ ዣንጥላ አገባለሁ» አልኩ።

ጉሙ አልተገለጠም። ጭራሽ ባሰበት። ልጅቷን ለሁለት ደግፈን፣ «ወደፊት፣ ወደፊት» እያልኩ እየጎተትኳቸው ሳለ ደወል ሰማን። ቀጭን፣ የድንጋይ ደወል። በጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ማን ይደውል ነበር?

መሪያችን ቆመ። «የኛ ደብር ነው» አለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ከኋላችን ነው እንዴ የሚሰማው? እንግዲያው ወደ ገደሉ እየሄድን ነው!»

ዞርን። ደወሉ ዝም ሲል ቆምን፣ ደግሞ ሲደወል ተራመድን። ከዚያ የውሻ ጩኸት፣ ከዚያ በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ። ወደ ቅዳሴ የሚሄዱ ነበሩ። ምንም ሳይጠይቁ በርኖሳቸውን አውልቀው ልጅቷን ጠቀለሏት፣ ቤታቸው ወስደው እርጥብ ልብሷን አስቀየሯት። የኩበት እሳት፣ የገብስ አጥሚት። ከብዙ ቆይታ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር እልል ማለት ነው የቀረኝ።

አንድ ነገር ግን ቸገረኝ። የተሳልኩት ለመድኃኔ ዓለም፣ ደወሉ የእመቤታችን። «አባባ፣ ዣንጥላውን የት ላግባ?» አልኳቸው።

«ለእናቱ ብትሰጥ ልጇ ይቀየማል እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

ጥቅምት ላይ ዣንጥላዬን ይዤ ተመለስኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ስለቴን አግብቼ ስወጣ መሪያችን የነበረው ልጅ ያን ቀን የዞርንበትን ቦታ ላሳይህ ብሎ ወሰደኝ። አንድ ትልቅ ጅብራ አለ፣ ልጅቷን ያስደገፍንበት፣ በደንብ አስታወስኩት። ከጅብራው እስከ ገደሉ አፋፍ በእርምጃ ቆጠርኩ።

ሃያ ስድስት።