የጋሼ ላፕቶፕና አርባ ስምንቱ ቁጥር

የሒሳብ ክፍላችንን ኃላፊ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሙሉ ስማቸው ያለው ደመወዝ መክፈያው ላይ ብቻ ነው። ላፕቶፓቸውም ንብረትነቱ የድርጅቱ ቢሆንም «የጋሼ ላፕቶፕ» ይባላል። የሒሳብ መዝገቡ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ፒችትሪው፣ እዚያ ላይ ስላለ ማንም አይነካውም። ጽዳት የምትሠራው ልጅ እንኳን ጠረጴዛውን የምታብሰው ዙሪያውን እየዞረች ነው።

ጥቅምት 2018 ላይ እኔ ነካሁት።

ምክንያት ነበረኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን አቆመ። ወደ 11 እንዳላሳድገው የጋሼ ላፕቶፕ ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው በታች ያለውን አይቀበልም። ማሽኑ ግን ደህና ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። ኪቦርዱ ላይ ከዘጠኝ ቁጥር በቀር የጠፋ ጽሑፍ የለም። የአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ዋጋውን አዩትና ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሌላ መላ የለም?»

አለ። ለኢንተርኔት፣ ለኢሜይልና ለደብዳቤ እንደ ዊንዶውስ ማሽን የሚያሠራውን ሊኑክስ ሚንት እንጫንበት፤ ዊንዶውሱ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለፒችትሪ ብቻ ይቅር አልኳቸው።

«ስንት ነው?»

«ነፃ ነው።»

«ነፃ? ታዲያ ሠሪዎቹ ምን ይበላሉ?»

እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዬ ልጀምርላቸው ስል ስልካቸው ጠራ። በእጃቸው «ሂድ፣ ሥራው» አሉኝ። ጥሩ ነው፤ ያን ታሪክ ስጀምር አላባራም።

እውነቱን ለመናገር ሊኑክስ ከሃያ በላይ ማሽን ላይ ጭኛለሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። እጄ ከራሴ ቀድሞ ይሄዳል።

የሚንት መጫኛ ፋይሉ ሦስት ጊጋ ስለሚጠጋ ሌሊት አውርጄ አደርኩ። ጠዋት ትክክለኛነቱን አጣርቼ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት። ኮሌጅ የላካት አንዲት ተለማማጅ አጠገቤ ተቀምጣለች። «እርስዎ» እያለች ታሳቅቀኛለች፤ እኔ እኮ ገና 31 ዓመቴ ነው። ሎግ ቡኳን በየሳምንቱ መሙላት ስላለባት ያየችውን ሁሉ በስልኳ ታነሳለች። የኬብል ሶኬት ሳይቀር። አንዴ ምሳ ሳጥኔን ስታነሳ ይዣታለሁ።

ባዮስ ውስጥ፣ ማሽኑ ገና ሲነሳ ወደሚገኘው ማስተካከያ፣ ገባሁ። ፍላሹ እንዲነሳልኝ አንድ ሁለት ነገር ነካካሁ። የማይታመን ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ለክፉም ለደጉም ብዬ አጠፋሁት። ከአሥር ዓመት በፊት የለመድኩት ነገር ነው። ሚንት እኮ ዛሬ ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይነሳል፤ ማጥፋቱ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።

ሚንት ከፍላሹ ተነሳ። ዋይፋዩ ሠራ። ድምፁ ሠራ። ተለማማጇ «ይሄ ሁሉ ምንም ሳይጫን ነው?» አለችኝ። ትንሽ ተኮፈስኩ። ከዚያ «ጫን» የሚለውን ስጫን የዲስክ ዝርዝሩ ውስጥ ከራሱ ከፍላሹ በቀር ምንም የለም። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ የት ይገባል?

ተርሚናል ከፍቼ የሊኑክሱ እምብርት፣ ከርነሉ፣ ሲነሳ የጻፈውን ማስታወሻ አየሁ። መስመሩ እዚያው ተቀምጧል፤ «አንድ የተሸሸገ ኤንቪኤምኢ አግኝቻለሁ፤ ልትጠቀምበት ከፈለግህ ባዮሱን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይረው» ይላል፤ በእንግሊዝኛ። ኤንቪኤምኢ የኤስኤስዲው ዓይነት ነው፤ ሬይድና ኤኤችሲአይ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ዲስኩ አልጠፋም። ባዮሱ ከኢንቴሉ የማከማቻ መቆጣጠሪያ ጀርባ ሸጉጦታል። ዊንዶውስ የዚያ በር ድራይቨር አለው፤ ሊኑክሱ ግን በዚያ በኩል አያይም። እንዲህ ችግሩን ከነመፍትሔው የሚነግር የስህተት መልእክት በሕይወቴ ጥቂት ነው ያጋጠመኝ። ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ባዮስ ገባሁ፣ ኤኤችሲአይ አደረግሁት፣ ሴቭ። ዊንዶውሱም ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ፍላሹን ነቅዬ አስነሳሁት።

ሰማያዊ ስክሪን መጣ። የተለመደው ግን አይደለም። ቢትሎከር ነው፤ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ። «የመልሶ ማግኛ ቁልፍዎን ያስገቡ» ይላል። አርባ ስምንት ቁጥር፤ ስምንት ጎጆ፣ በየጎጆው ስድስት ስድስት።

ዲስኩ የተቆለፈ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር። አላየሁማ። ዊንዶውሱ ውስጥ በዲስኩ ምልክት ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ሥዕል ትታይ ነበር፤ ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃ ነበር።

ጋሼ ሻይ ይዘው ገቡ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ የት ነው?» አልኳቸው ሳላስበው።

ከወገባቸው የቁልፍ ማሰሪያቸውን ፈተው፣ «የትኛው?» አሉኝ።

አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ፒችትሪው አለ የለም?» የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተወሰደ እኔም ጠየቅኳቸው። ሰኔ 30፤ ዓመቱ ሲዘጋ። ከሐምሌ ወዲህ ያለው ሦስት ወር ተኩል ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ጀርባ ነው። ሻዩን ሳይጠጡት አስቀመጡት።

ላፕቶፑን መጀመሪያ ያዘጋጀው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። አሁን ካናዳ ነው ያለው። ቁልፉ በእሱ አካውንት ተቀምጦ ይሆናል ብዬ ደወልኩ፤ እኛ ጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ሌሊት ነው። አላነሳም። (ማታ ላይ መልስ ላከልኝ፤ «የምን ቁልፍ?» የሚል።)

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። እናት ቦርዱ ላይ ቲፒኤም የምትባል ቺፕ አለች። የዲስኩን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት። ማሽኑ ሲነሳ አነሳሱ እንደወትሮው መሆኑን ታያለች፤ ከሆነ ቁልፉን ዝም ብላ ትሰጣለች። ለዚህ ነው ጋሼ ቁልፍ መኖሩን እንኳን ሳያውቁ ዓመታት የሠሩት። አንድ ነገር ከተቀየረ ግን እምቢ ትላለች። ዘበኛችን እንዲሁ ናቸው፤ የድርጅቱን መኪና ሌላ ሹፌር ይዞት ካዩ ታርጋውን ቢያውቁትም በሩን አይከፍቱም። ሹፌሩ የድሮው ከሆነ ግን ይከፍታሉ። እንግዲህ ያለኝ ተስፋ ይህ ነው፤ የነካሁትን ሁሉ እንደነበረ ከመለስኩ ቺፗ ልትታረቀኝ ትችላለች።

ኤኤችሲአዩን ወደ ሬይድ መለስኩ። ሴኪዩር ቡትን ላበራ ስል አልበራ አለ። ግራጫ ሆኗል፤ አይነካም። ለምን? የነካሁትን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሁለት ነገር አስታውሳለሁ፤ የነካሁት ግን ከሁለት በላይ እንደሆነ ጣቴ ያውቃል። አንዴ ደግሞ «ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መልስ» የምትለውን ልጫን አስቤ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ። ፋብሪካው ያስቀመጠውና ያ ልጅ ያስቀመጠው አንድ ስለመሆኑ ማን ዋስ ይሆነኛል? ላብ ጀርባዬን ሲወርድ ተሰማኝ። ጥቅምት ነው፤ አዲስ አበባ በጥቅምት ያን ያህል አይሞቅም።

«ይቅርታ» አለች ተለማማጇ። «ጠዋት ከመቀየርዎ በፊት ያነሳሁት ፎቶ አለ። ይጠቅምዎታል?»

ሰባት ፎቶ። አንዱ ተንቀጥቅጦ ደብዝዟል፣ አንዱ ላይ የራሴ አውራ ጣት ግማሹን ሸፍኗል። የቀሩት ግን ጥርት ብለዋል። ስልኩን ከስክሪኑ ጎን አስደግፈን መስመር በመስመር ማነጻጸር ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ አያለሁ። ሳታ ኦፐሬሽን፤ ሬይድ፤ ተመልሷል። ቲፒኤም፤ በርቷል፤ ልክ ነው። አራተኛው ፎቶ ላይ አገኘናት። የድሮውን የአነሳስ መንገድ የምትፈቅደው «ሌጋሲ ኦፕሽን ሮም» የምትለው ሳጥን በፎቶው ባዶ ናት፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምልክት አለባት። ፍላሹ እንዲነሳልኝ ብዬ ጠዋት ያበራኋት እኔው ነኝ። እሷ እስካለች ሴኪዩር ቡት አይበራም፤ ሁለቱ አብረው አያድሩም። አጠፋኋት። ግራጫው ነጣ። ሴኪዩር ቡትን አበራሁ፣ ሴቭ አደረግሁ፣ እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

ነጥቦቹ በክብ መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ። ከዚያ የጋሼ የልጅ ልጅ ፎቶ ያለበት መግቢያ መጣ። ቁልፍ አልጠየቀም።

ጋሼ «ተመስገን» አሉና የቀዘቀዘውን ሻይ ቆመው ጨለጡት።

የዚያን ቀን ሌላ ምንም አልሠራሁም። ፒችትሪውን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለጋሼ ሰጠሁ። ከዚያ የቢትሎከሩን ቁልፍ ከዊንዶውሱ ውስጥ አውጥቼ በሁለት ቅጂ አተምኩት። አንዱ ለሥራ አስኪያጁ ካዝና፣ አንዱ ለጋሼ። ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ይሄ ሁሉ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ቢሆንስ?»

እያንዳንዱ ስድስት አኃዝ ለ11 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ነገርኳቸው። ሲሠራ እንዲያ ተደርጎ ነው፤ ሰው ሲጽፍ ከተሳሳተ ማሽኑ እዚያው እንዲያውቅበት። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ትልቋን ካልኩሌተር ሳቡ። የመጀመሪያውን ስድስት አኃዝ አስገቡ፣ ለ11 አካፈሉ፣ ነጥብ የሌለው ቁጥር ወጣ። በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረጉበት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እስከ ስምንተኛው እንዲሁ። ሲጨርሱ ከታች ፈርመው ቀን ጻፉበት። እኔን ያመኑኝ ያኔ ይመስለኛል፤ ወይም ቢያንስ ወረቀቱን አምነውታል።

በማግስቱ ሥራው በወጉ ሄደ። ቢትሎከርን ለጊዜው አገድኩ፣ ከዊንዶውሱ 60 ጊጋ ቀነስኩ። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በአስፈላጊው ነገር ብቻ፣ እንዲነሳ አዝዤ ባዮሱን ወደ ኤኤችሲአይ ቀየርኩት፤ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን ድራይቨር ራሱ ያነሳል። ሴኪዩር ቡትን አልነካሁትም። አሁን የሚንት ጫኙ ዲስኩን አየው። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ግን ሃያ ደቂቃ ይይዛል፤ እሱ ሳያልቅ ሚንት ተጭኖ አለቀ። ቢትሎከርን መልሼ ሳበራና በአዲሱ የማስነሻ ዝርዝር በኩል ወደ ዊንዶውስ ስገባ ያ ሰማያዊ ስክሪን እንደገና መጣ። በዚህኛው ጊዜ ጋሼ ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው አነበቡልኝ፤ እንደ ቼክ ቁጥር፣ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ ሲፈልጉ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 12ን ተጭነው በቀጥታ ይመርጡታል፤ ቺፗም አታጉረመርምም።

የድሮ ደብዳቤዎቻቸው ሚንት ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆነው ተከፈቱ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም በድሮው ፎንት መጻፉ ከዚያም በኋላ ቀጥሏል። እነዚያን ወደ ዊንዶውሱ መለስኳቸው። አዲሱ ደብዳቤ በሚንት ይጻፋል።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጋሼ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሰዓት ምን ሆኖ ነው? 9 ማለት ነበረበት፣ 6 ይላል። ወደ ሐበሻ ሰዓት ሊመልሰው አስቦ ግማሽ መንገድ ላይ ደከመው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ምክንያቱም ስሌቱ ልክ ነው። ሊኑክስ እናት ቦርዱ ላይ የሚጽፈው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። እኛ ደግሞ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ስለነጠልኩት የሚያርመው የለም። ሚንቱ የአገር ሰዓት እንዲይዝ በአንድ መስመር ትዕዛዝ ነገርኩት፤ አለቀ።

ተለማማጇ ጊዜዋን ጨርሳ ሄዳለች። ሎግ ቡኳ ላይ ስፈርም የዚያን ቀን ገጽ አየሁት። «ባዮስ ከመነካቱ በፊት ፎቶ ተነሳ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። የራሴን ስም አለመጥቀሷን ሳይ ቡና ጋበዝኳት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ፍለጋ ሒሳብ ክፍል ገባሁ። ቁልፎቹ የሚሰቀሉት በሩ ጀርባ ባለች እንጨት ላይ ነው። በስቶር ቁልፍና በመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ መካከል ያቺ ወረቀት በፕላስቲክ ተለብጣ፣ ጫፏ ተበስቶ፣ በገመድ ተንጠልጥላለች። ስምንቱ ቀይ ራይት ከሩቅ ይታያል።

«ጋሼ!» አልኩ።

ከፒችትሪያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ምነው፣ ቁልፍ ነው አላልከኝም?» አሉኝ።