ኮይሉ በቦታው ነበር፤ ፊስቱላው ግን አልተዘጋም

ሳንባዬ ውስጥ የነበረው ፊስቱላ፣ ማለትም ደም ቅዳና ደም መልስ ያለ አግባብ በቀጥታ የተገናኙበት መንገድ፣ በኮይል (የደም ሥርን በሚደፍን ጥቅልል ቀጭን ሽቦ) ከታከመ ዓመታት አልፈዋል። ስለ ሕክምናው የሚነግረኝ አላጣሁም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጡት ዓመታት ግን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

በጤነኛ ሳንባ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገረው እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ሥሮች በኩል ነው፤ እዚያ ኦክስጅን ይቀበላል፣ የረጋ ደምና ባክቴሪያም ይጣራል። በእኔ ሳንባ ግን ሁለቱ በቀጥታ ተገናኝተው መጋጠሚያቸው ላይ ከረጢት ሠርተው ነበር። እንዲህ ባለው መንገድ ያለፈ የረጋ ደም ወይም ባክቴሪያ ስትሮክን ወይም የአንጎል መግልን ሊያስከትል ይችላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ የትንፋሼ ማጠር ለረጅም ጊዜ በከፍታው ሲሳበብ ኖረ። አንዲት ነርስ ብቻ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቴ ላይ እንደሰካች አስተኝታም አቁማም ለካችኝ፤ ስቆም ቁጥሩ ወረደ። ይህ ፊስቱላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሳንባ ግርጌ ነው፤ ሰው ሲቆም ደም ወደዚያ ይበዛል። ከፍታ ቢሆን ኖሮ ተኝቼም ቆሜም ያው በሆነ ነበር።

ለውጭ ሕክምና የሚጠየቀው የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ የውጭ ምንዛሪውና የሕንድ ጉዞው ማንም እንደሚያልፍበት አለፈ። በብሽሽቴ ደም መልስ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ሳንባዬ አደረሱና ለከረጢቱ ደም የሚያመጣውን መጋቢ ሥር በፕላቲነም ኮይሎች ደፈኑት።

የመውጫ ወረቀቴ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሲቲ ስካን እንድነሣ ያዝዝ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን ያቀረብሁለት ሐኪም ሁለተኛውን ገጽ እንኳ ሳይገልጥ «ካላመመዎት ለምን በከንቱ ለጨረር ይጋለጣሉ?» አለኝ፤ ለምኜ ነው የታዘዘልኝ። ከሕንድ ያመጣሁትን ሲዲ የተቀበለችኝ ሠራተኛም «የእኛ ማሽን አያነበውም» ብላ ከነፖስታው መለሰችልኝ። ውጤቱ አንድ መስመር ሆኖ ወጣ፦ ኮይሉ በቦታው ይታያል። «ይኸው ጋሼ፣ ንቅንቅ አላለም፤ እንግዲህ ካላመመዎት አይመላለሱ» ተብዬ ተሸኘሁ።

ያቺ መስመር እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። ኮይሉ የት አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ከረጢቱና ደሙን የሚያወጣው ደም መልስ ቀድሞ ስንት ሚሊ ሜትር ነበሩ፣ አሁንስ ስንት ሆኑ የሚል ነው፤ ሐኪሞች ሕክምናው ተሳክቷል ለማለት በተለምዶ 70 በመቶ ያህል መጥበብን ይጠብቃሉ። ደም በኮይሎቹ መካከል እንደገና መንገድ ሊያገኝ፣ ሳይታይ የቀረ ሌላ መጋቢ ሥር ሊሰፋ፣ ከጎን ያሉ ሥሮችም ከረጢቱን ሊመግቡት ይችላሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮይሉ ከቦታው አይነቃነቅም። የድሮውን ምስል ከአዲሱ ጎን ያላስቀመጠ ሰው ሊለካ አይችልም፤ ያልለካ ሰው ደግሞ «አይመላለሱ» ማለት አልነበረበትም።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ያገኘሁት የራዲዮሎጂ ሐኪም ሁለቱንም ሲዲዎች ጎን ለጎን ከፍቶ ሲለካ፣ ከረጢቱ የጠበበ ነገር አልነበረውም። አመመኝ እንዳልል አላመመኝም። በሁለተኛው ሕክምና ኮይሎቹ ወደ ከረጢቱ ይበልጥ ቀርበው ተቀመጡ፤ በቀጣዩ ምርመራም ከረጢቱ ጠብቦ ተገኘ።

ስለዚህ ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ፤ ማንም ጠብቁ ቢላችሁ እንኳ። ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ በየ3 ዓመቱ ገደማ ሲቲ ስካን ተነሡ፤ የተዘጋው ሊከፈት፣ ትንንሽ ሆኖ የተተወውም ሊያድግ ይችላል። ልኩን በሚሊ ሜትር ካልጻፉላችሁ ወረቀቱን አትቀበሉ። ምስሉን በፍላሽም ቅዱት። የኮይሉን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ አትጣሉ፤ የኤምአርአይ ባለሙያ «ብረት አለብዎት» ብሎ የሚመልሳችሁ ይህን ሲያጣ ነው። ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት ስለ አንቲባዮቲክ ሐኪም ጠይቁ፤ ግሉኮስ ሲሰካላችሁም በቱቦው ውስጥ አየር አለመኖሩን ሳታዩ እጃችሁን አትስጡ፤ ነርሷ ብትቆጣም ትቆጣ።

ቤተሰቤ ከአያቶቼ ጀምሮ ነስር የማያጣው ነው፤ የዚህ ፊስቱላ አብዛኛው መነሻ ነስርን የሚያመጣውና በዘር የሚተላለፈው የደም ሥር ችግር ስለሆነ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ እንዲመረመሩ አደረግሁ። የታናሽ እኅቴም ሳንባ ውስጥ ተገኘ፤ ለእሷ ግን ገና ኮይል ሳይገባ የከረጢቱን ልክ በወረቀት አስጽፈናል።