የሁዳዴው ተርኪ

ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጫካ ወፍ ገደልኩ ብዬ ለእናቴ ስደውልላት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አልጠየቀችኝም። «በስመ አብ ብለህ አርደኸዋል ወይስ በጥይት ብቻ ነው የሞተው?» አለችኝ። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ግን ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነገር ላውጋችሁ።

ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው። ልጆች ሆነን ከፈረስ ጭራ በገመድነው ወጥመድ ቆቅ እንይዝ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለዓመታት ጫካ ማለት ለእኔ ከሀይዌይ ዳር የማየው አረንጓዴ ነገር ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ አሜሪካዊ ጎረቤት አሉኝ። በ2023 የጸደይ ወራት ከእሳቸው ጋር ጫካ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወጥቼም አላውቅ።

መጀመሪያ የወረቀቱን ጉዳይ ልጨርስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአደን ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የአዳኞች ትምህርት ወስዶ ማለፍ አለበት። ከመደበኛው ፈቃድ ሌላ የአጋዘንና የተርኪ ፈቃድ ለብቻው ይገዛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን ሕጉ ስለሚለይበት ሳይጠይቅ ጠመንጃ አይንካ። የጸደዩ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ መተኮስ ክልክል ነው። የሚገደለውም ደረቱ ላይ ጺም የሚመስል ላባ የተንጠለጠለበት ተርኪ ብቻ ነው። ለፈቃዱ የምንከፍለው ገንዘብ ቅር ሊያሰኘን አይገባም። ይህ ወፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከብዙ ግዛቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከተረፉበት ቦታ በመረብ እየተያዘ፣ ወደ ጠፋበት ጫካ እየተወሰደ ነው እንደገና የተራባው። ወጪው በአብዛኛው የተሸፈነው በአዳኞች ፈቃድና በ1937 በወጣው ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት በሚሰበሰበው ቀረጥ ነው።

ወደ ወፉ ልመለስ። ንቁ ሰው ስናይ «ቆቅ ነው» እንል የለ? ተርኪ የቆቅ ቆቅ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቱን ትንሽ ካዞረ ዙሪያውን ያያል። ቀለም ይለያል። እኛ የማናየውን የብርሃን ዓይነትም ያያል። ስለዚህ የአደን ልብስ ነጭ በሚያፈካ ሳሙና አይታጠብም፤ ለእሱ ያበራል። ሽታ ግን ብዙም አያስጨንቀውም። ጎረቤቴ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ተርኪ ቆሞ የማያየው ነገር የለም፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ግን ያልፈዋል»።

የመጀመሪያው ዓመት ይህን አልሰማሁም። ዕቃ ላይ ነበር ልቤ። አንድ የአደን ዕቃ መሸጫ ገባሁና ሻጩ ትልቁን 12 ጌጅ ሾትገን (ብዙ ፍሬ በአንዴ የሚረጭ ጠመንጃ) ከረጅሙና ከከባዱ ጥይት ጋር አሸከመኝ። በወረቀት ላይ ስሞክረው ትከሻዬ ለሳምንት ጠቆረ። የባሰው ደግሞ ምቱን ፈርቼ ቃታውን ስስብ ዓይኔን መጨፈን ለመድኩ። በዚያ ላይ ለማታለያ የሚቆሙ ሦስት የፕላስቲክ ተርኪ፣ ትልቅ ቦርሳ፣ የተርኪ ድምፅ የሚያወጡ የማላውቃቸው መጥሪያዎች። ያን ሁሉ ተሸክሜ ገባሁ። አንድ አውራ ተርኪ እስከ 50 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) መጣልኝ። መቀመጫዬ ሥር ያለው የዛፍ ሥር ሲቆረቁረኝ ቂጤን ትንሽ አዞርኩ። በቃ፣ ሄደ። ድምፁን እንኳን ዳግመኛ አልሰማሁም።

ስለዚህ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ስለ መቀመጫ ነው። ወፍራም የስፖንጅ መቀመጫ። ሁለት ሰዓት ሳትነቃነቅ የምትቆየው ከመቀመጫህ የተነሣ ነው። ቀጥሎ የፊት መሸፈኛ መረብና ጓንት፤ ከሰው አካል በጣም የሚያበራውና የሚነቃነቀው ፊትና እጅ ነውና። ቀጥሎ መዥገር። ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ላይም የሚባል በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር አለ፤ ፐርሜትሪን የተባለውን መድኃኒት ቀድማችሁ ልብሱ ላይ ትረጩና እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ። ሰውነት ላይ አይረጭም። ጠመንጃውን ወደ 20 ጌጅ ቀየርኩ፤ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር አፈሙዙ ይጠባል። ቀላል ነው፣ ትከሻም አይሰብርም። ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን አፈሙዙ ላይ የሚገባውን ጠባብ ቾክ ገዛሁና የተለያየ ጥይት በ20፣ በ30፣ በ40 ያርድ ወረቀት ላይ ተኮስኩ። ይህን ሥራ እባካችሁ አትዝለሉት። አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው አይወደውም። ተርኪ የሚመታው ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ነው፤ ገላው ላይ ቢመታ ቆስሎ ይሄድና ሌላ ቦታ ይሞታል። የእኔ ጠመንጃ ከ35 ያርድ በላይ ፍሬው ይበተናል። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ ያለ ተርኪ ለእኔ የለም።

ከመጥሪያዎቹ ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው ቦክስ ኮል የሚሉት ነው። ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክዳኑ ከጠርዙ ጋር ሲፋጭ የሴቷን ድምፅ ያወጣል። ከባዱ ነገር መጥራቱ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው። በተፈጥሮ ወንዱ ይጮኻል፣ ሴቷ ወደ እሱ ትሄዳለች። አንተ ግን ወንዱን ወደ ሴቷ ና እያልከው ነው። አብዝተህ ከጠራህ እዚያው ቆሞ መምጣትህን ይጠብቃል። ዝም ካልክ የት ሄደች ብሎ ፍለጋ ይወጣል።

በ2024 ፋሲካ ሜይ 5 ነበር። አደኑ በተከፈተበት ጊዜ ሁዳዴ ላይ ነበርን። የሆሳዕና ዋዜማ ሊሆን ዓርብ ማታ ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት የሚባለው የመንግሥት ጫካ ገባን። ጎረቤቴ ሲመሽ አውራ ተርኪ እንዲመልስላቸው እንደ ጉጉት ጮሁ። ከሸንተረሩ ላይ አንድ አውራ መለሰ። ተርኪ በጨለማ ስለማያይ ዛፍ ላይ ነው የሚያድረው፤ ያደረበትን ማወቅ ማለት ግማሹን ሥራ መጨረስ ነው። መኪና ውስጥ አደርን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተን ያለ መብራት ወጣን። ከዛፉ 100 ያርድ ያህል ርቀን፣ ከትከሻችን የሚሰፋ ግንድ ተደግፈን ተቀመጥን። ግንዱ ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣ ሌላ አዳኝ ቢሳሳት ይከልላል።

እዚህ ላይ ልቁም። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነገር አትልበሱ፣ መሐረብም ቢሆን። የአውራ ተርኪ ጭንቅላት ቀለም ነው። የተርኪ ድምፅ ሰምታችሁ ተደብቃችሁ አትጠጉ፤ የሚጠራው ሰው ሊሆን ይችላል። ሰው ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የገደላችሁትንም በብርቱካንማ ጨርቅ ሸፍናችሁ ተሸከሙ።

ሲነጋ አውራው ከዛፍ ወረደና ከሴቶቹ ጋር ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። እኔ እንነሣ አልኩ። ጎረቤቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረፈድ ሲል ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ጎጇቸው ይሄዳሉ፣ እሱ ብቻውን ይቀራል አሉኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል አለፈ። ጾም ስለነበርኩ ሆዴ ይጮኻል። አራት ሰዓት ሲሆን ሦስቴ ብቻ ጠራሁና ዝም አልኩ። ሩብ ሰዓት ምንም የለም። ከዚያ ከፍ ያለ የእርምጃ ድምፅ በደረቅ ቅጠል ላይ፣ እንደ ሰው አረማመድ። ጭንቅላቱ ነጭና ቀይ ሆኖ ከቁጥቋጦው ወጣ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከግንድ ኋላ ሲገባ ጠመንጃዬን አስተካከልኩ። 28 ያርድ ላይ አንገቱን አሰገገ። ተኮስኩ።

በጎረቤቴ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ኪሴ ውስጥ ነበር። የተሳለ ቢላዋ። ጠመንጃውን ቆልፌ አስቀመጥኩና ሮጥኩ። ክንፉ ገና ይርገበገባል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ አረድኩት። ጎረቤቴ ምንም ሳይጠይቁኝ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

መግደሌን በዕለቱ በስልኬ አስመዘገብኩ። ሥጋው እስከ ፋሲካ ፍሪጅ ውስጥ ቆየ። ባለቤቴ መጀመሪያ «የጫካ ወፍ ድስቴ ውስጥ አይገባም» ብላ ነበር። አስተራረዴን ስነግራት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የጫካ ተርኪ እግሩ ጅማታም ነው፤ በቀስታ እሳት ለሰዓታት ይፈልጋል። ደረቱ ግን ቶሎ ይበስላል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

ለእናቴ ይህን ሁሉ ተረኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ይባርክ» አለች። ከዚያ «ለዚህ ለሚያህል ዶሮ ስንት እንቁላል ከተታችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።