ቀጣዩ ጥያቄ እስኪመጣ

ጣና ደመና ለብሶ ዋለ፤ እኔም ያለ ምክንያት ሆዴ ሲባባ ዋልኩ። ከሐይቁ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ይዤው የተቀመጥኩት ሥራ፣ ለዳታቤዝ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራማችን አንዲት መስመር ማብራሪያ መጻፍ ነበር። መስመሯ ፒጂቤንች ከተባለው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፍጥነት መለኪያ የቀድሞ ቅጂ የተቀዳች ናት፤ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚጠበቅ ትወስናለች። ከ1 እስከ 10,000 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ አውጥታ ለ10,000 ታካፍላለች፤ የውጤቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ወስዳ፣ ምልክቱን ገልብጣ በታለመው አማካይ መዘግየት ታባዛዋለች።

የነበረው ማብራሪያ «የዘፈቀደ መዘግየት» ብቻ ይላል። ይህ ያበሽቀኛል። ዘፈቀደ ስንት ዓይነት አለ! አማካዩ 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ ከመቶው 63 ያህሉ መዘግየት ከ20 በታች ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ እጅግ ይረዝማል፤ ትንሹ ዕጣ 1 ስለሆነ ግን ከ184 ብዙም አያልፍም። ዕጣዎቹ 10,000 ብቻ በመሆናቸውም ጥያቄዎች የሚላኩበት ፍጥነት ከታለመው በ0.055 በመቶ ይበልጣል። ኢምንት ነው፤ ቢሆንም ይጻፍ። ከእኔ በኋላ ኮዱን የሚከፍት ሰው ይህን ለማግኘት ሌሊት ማደር የለበትም።

ደንበኞች ተመካክረው አይመጡም፤ አንዳንዴ ይግተለተላሉ፣ አንዳንዴ ጭር ይላል። ጥያቄዎችን እኩል እያራራቅን ብንልክ ዳታቤዙ ወረፋ ሲበዛበት የሚሆነውን ሳናይ እንቀር ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጣሪያውን ካልቆጠርነው፣ እስካሁን የተጠበቀው ጊዜ ስለሚቀረው ምንም አይናገርም።»

እዚህ ላይ እጄ ቆመ። እማዬ ስለ ታላቄ ስታወራ ሁልጊዜ «ይህን ያህል ከቆየማ እንግዲህ ሊደውል ነው» ትላለች። ለእርሷ እያንዳንዱ ያለፈ ቀን ከቀሪው ላይ የተቀነሰ ነው። በእኔ መስመር ሒሳብ ግን ምንም አልተቀነሰም፤ ጥበቃው ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው።

ሰው ግን ዕጣ አይደለም። ዝም ያለበት ምክንያት አለው። ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ሰው በቆየ ቁጥር ለመደወል ያፍራል፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ይጨንቀዋል። እንዲህ ከሆነ ያለፈው እያንዳንዱ ወር ቀሪውን የሚያስረዝም ነው። ይህን ለእማዬ እንዴት ይነግሩታል? እርሱስ እዚያ ሆኖ የእኛን ጥሪ እየጠበቀ ቢሆንስ?