የካንሰር ምርምሮቼን ዝርዝርና የሳይቴሽን መረጃ እንዴት አዘጋጀሁ

ለፕሮፌሰርነት የደረጃ ዕድገት ሳመለክት፣ ያሳተምኳቸውን ጽሑፎችና በሌሎች ጽሑፎች ምን ያህል ጊዜ እንደተጠቀሱ (ሳይቴሽን) የሚያሳይ መረጃ አያይዤ እንዳቀርብ ተጠይቄ ነበር። የጥናት መስኬ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ሥርጭት ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ስሜን ማስተካከል ነው። የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዳሉ። ስለዚህ በአንዳንዱ ጽሑፍ በአባቴ፣ አያቴን ጨምሬ በጻፍኩበት ደግሞ በአያቴ ስም ተመዝግቤአለሁ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ስሜ ከጆርናል ጆርናል ይለያያል። አንደኛው ቋት እኔን እንደ ተለያዩ ሰዎች ቆጥሮ ሳይቴሽኖቼን ሲበትን፣ ሌላው ደግሞ የሞክሼዬን የእርሻ ጥናት ጨምሮልኝ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውን ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር በነፃ አወጣሁ። ከዚያም ጽሑፎቼን ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ቋት በስም ብቻ ሳይሆን በተቋምና በአብሮ ጸሐፊዎች ጭምር ፈልጌ፣ እያንዳንዱን ለጽሑፉ በተሰጠው ዲጂታል መለያ ቁጥር ከኦርኪዱ ጋር አያያዝኩ፤ የተበታተኑት መዝገቦች እንዲዋሐዱም በጽሑፍ ጠየቅሁ። ይህ ሳይጠናቀቅ ምንም ዓይነት ቁጥር ማስላት ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ የጽሑፎችን ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ኤች ኢንዴክስን አሰላሁ። መለኪያውን ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ሂርሽ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2005 ነው፤ 10 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱለት፣ ግን 11 ጊዜ የተጠቀሱ 11 ጽሑፎች የሌሉት ተመራማሪ ኤች ኢንዴክሱ 10 ይሆናል። የጎግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጎግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልተገመገሙ ረቂቆችን ስለሚያካትት አብዛኛውን ጊዜ ስኮፐስ ከተባለው የሳይቴሽን ቋት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ምንጩንና የወሰድኩበትን ቀን ጻፍኩ።

ብዙ ያሳሰበኝ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች የሚፈርሙባቸው ጥናቶች ጉዳይ ነው። እንደ ብዙ የአገሬ ባልደረቦች ሁሉ እኔም በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት የካንሰር ጽሑፎች ላይ ስሜ አለ። የእኔ ድርሻ የአገራችንን ግምት መመርመርና አስተያየት መስጠት ነበር፤ ሥራው የሚናቅ አይደለም፣ ነገር ግን ጥናቱን ከመምራት ጋር አይተካከልም። አንድ ጽሑፍ ምንም ያህል ቢጠቀስ ኤች ኢንዴክስን ከፍ የሚያደርገው ቢበዛ በ1 ነው፤ ጠቅላላውን የሳይቴሽን ቁጥር ግን ብቻውን ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሬን የመራኋቸው፣ የተባበርኳቸውና በትልልቅ የተመራማሪዎች ማኅበራት ስም የወጡ ብዬ ከፈልኩ። ጠቅላላ ሳይቴሽኑንም ኤች ኢንዴክሱንም የመጨረሻዎቹን ጨምሬና ቀንሼ፣ ሁለቱንም አቀረብኩ። የተቀነሰው ቁጥር በጣም ያነሰ ነበር። ቢሆንም ገምጋሚ ሊጠይቀኝ የሚገባው በዚያኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ተቃራኒም አለ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መረጃ ይሰበስባል፤ ያ መረጃ በሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግሎቦካን በሚለው ሥራው ለኢትዮጵያ ለሚያወጣው ግምት ግብዓት ሆኗል። የግሎቦካን ጽሑፎች በአሥር ሺዎች ጊዜ ሲጠቀሱ፣ የሕሙማንን ካርድ እያገላበጡ መረጃውን የመዘገቡት ባለሙያዎች ግን ከዚያ አንድም ሳይቴሽን አይደርሳቸውም።

በአንድ ጆርናል የሚወጡ ጽሑፎች በአማካይ ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ የጆርናሎችን ኢምፓክት ፋክተር፣ ሆን ብዬ ተውኩት። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለሐኪሞች የሚያሳትመው ጆርናል እ.ኤ.አ. የ2021 ኢምፓክት ፋክተር ከ280 በላይ ነበር፤ ይህን ያህል የሚያደርሰውም በየጊዜው የሚያወጣቸው ጥቂት የስታቲስቲክስ ጽሑፎች ናቸው። በዚያው ጆርናል የሚወጣ ሌላ ጽሑፍ ይህን ማዕረግ በውርስ ያገኛል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው፣ ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫም ኢምፓክት ፋክተርን ተመራማሪን ለመመዘን መጠቀም እንዲቀር ጠይቋል።

በምትኩ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አይሳይት ብለው በነፃ ያቀረቡትን መሣሪያ ተጠቀምኩ። ይህ መሣሪያ ጽሑፍን ከራሱ መስክና ዘመን ጋር ያነጻጽራል፤ ውጤቱ 1 ከሆነ በተቋማቱ ገንዘብ ከተሠሩት ጽሑፎች መካከለኛው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ስለ ሥርጭት የሚያጠናን ሰው ከሞለኪውል ተመራማሪ ጋር በጥሬ ሳይቴሽን ከማወዳደር ይህ ይሻላል። ጽሑፉ በክሊኒካዊ ሙከራዎችና መመሪያዎች መጠቀሱንም ያሳያል።

የጤና ሚኒስቴር ሰነዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ቋቶች ውስጥ አይገቡም። ስለ ማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ የጻፍነው ለሥልጠና ሰነድ ግብዓት ሆኖ ስለነበር የሰነዱን ገጽ ገልብጬ አያያዝኩ፤ ለዕድገቱ ከተደረገልኝ ቃለ መጠይቅ ሰዓት አብዛኛውን የወሰደውም ይኸው ገጽ ነው።